የአይጧ ጢምና የሽማግሌዎቹ ጫማ

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ የማስታወስ ችሎታዬ የሚታመን አይደለም። አራት ዓመት (በአንድ ኮርስ ምክንያት አራት ዓመት ተኩል) ባዮሎጂ ተምሬ ያጠራቀምኩት እውቀት ከተከራየሁት የምረቃ ጋውን ጋር አብሮ የተመለሰ ይመስለኛል። ስለዚህ ከዚህ በታች ሳጥኖቹ ሠላሳ ስድስት ነበሩ ብዬ ብጽፍ አርባ ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወሩ ጥር ነበር ብል የካቲት ሊሆን ይችላል። ዋናውን ትዕይንት ደግሞ ያየሁት በመስኮት ስለሆነ የጎደለውን የሞላሁት ከአራት ምስክሮች በሰበሰብኳቸው አምስት የተለያዩ ታሪኮች ነው። አይጧ ግን አንዲት ነበረች። በዚህ አልደራደርም። ጋሽ ደሳለኝ ሦስት ነበሩ የሚሉት ከፍታ ላይ ቆመው ስላዩ ነው።

ጋሽ ደሳለኝ አከራዬ ነበሩ። ከሐይቅ ዳሯ ከተማችን ፒያሳ ጀርባ፣ በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ላይ ባለው ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ሰጥተውኝ እኖር ነበር። ከፊት፣ ወደ አስፋልቱ የዞረው የእህል መደብራቸው ነው፤ በቆሎው፣ ማሽላው፣ ባቄላው በጆንያ በጆንያ ተደርድሮ። መሃል ላይ ሰፊ ሳሎን ያለው ትልቁ ቤት፣ ከኋላ ደግሞ እኔ። ጋሽ ደሳለኝ ወፍራም ድምፅና ወፍራም ጢም ያላቸው ሰው ናቸው። ከጭነት መኪና ሾፌር ጋር ሲከራከሩ ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚጠብቁት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ደንግጠው ይነሣሉ ቢባል የሚጠራጠር የሰፈር ሰው አይገኝም። መደብራቸው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ግን ሦስት ጊዜ ያጨበጭባሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ የሱሪያቸውን ጫፍ ካልሲያቸው ውስጥ ይከታሉ። እኔ ይህን ከአባት የወረሱት የነጋዴ ሥርዓት ነው ብዬ ስለገመትኩ፣ አንድ ቀን ባቄላ ልገዛ ስገባ በአክብሮት አጨብጭቤ ነበር። ምን ሆነህ ነው በሚል ዓይን አዩኝ።

መደብሩ ውስጥ እህል የምትመዝነው ልጃቸው ትዕግሥት ናት። እኔና እሷ ለአንድ ዓመት ተኩል ተዋደናል፤ ነገሩን ለማንም ስላልተናገርን ከአባቷ በስተቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ያን ሰሞን ግን አንድ መጥፎ ወሬ መጣ፤ በቆሎ የሚያመላልስ የሁለት ጭነት መኪናዎች ባለቤት በቀጣዩ ሳምንት እሁድ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑ ተሰማ። የእኔ ንብረት አንድ ፍራሽ፣ አንድ የመጽሐፍ መደርደሪያና አንድ ዲግሪ ነው። እንግዲህ መቅደም ነበረብኝ። መቅደም ብቻውን ደግሞ አይበቃም፤ ጋሽ ደሳለኝ ለጠየቃቸው ሁሉ "ዘመድ እናማክርና ከወር በኋላ" እያሉ ቀጠሮ በመስጠት የታወቁ ናቸው። ቀጠሮ ከሰጡኝ የመኪኖቹ ባለቤት ይደርስብኛል። የሚያድነኝ በዚያው ቀን የሚገኝ "እሺ" ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቼን ለዚያው ሳምንት እሁድ ዘጠኝ ሰዓት አዘጋጀሁ። እዚህ ላይ እያለሁ፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት፣ ጋሽ ደሳለኝ ቧንቧው አጠገብ ጥርሴን ስቦርሽ አገኙኝ።

"አንተ፣ የተማርከው ስለ እንስሳ ነው አይደል?"

"ባዮሎጂ ነው ጋሼ።"

"አይጥ አለበት?"

"አለበት።"

"እንግዲያው መደብር ውስጥ አንዲት ገብታለች። እስከ እሁድ አስወጣልኝ። መርዝ አልፈልግም፤ የሚበላ ነገር ነው የምሸጠው። ድመትም አልፈልግም፤ ያስነጥሰኛል።"

"ወጥመድስ?"

"ወጥመዱን ከነያዘው ማን ያነሣዋል?" አሉና ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

አስተዋይ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚህች ጥያቄ ላይ ቆም ይል ነበር። እኔ ግን የታየኝ ሌላ ነው፤ እሁድ ዕለት ሽማግሌዎቼ "ልጃችን የተማረ ነው" ሲሉ፣ የትምህርቱ ፍሬ ከመደብሩ በራሷ እግር ስትወጣ ታየኝ።

አሁን ስለ ጢም ትንሽ መናገር አለብኝ። ሁለተኛ ዓመት ሳለን፣ ምናልባትም ሦስተኛ፣ አንድ መምህራችን አንዲት አይጥ በጨለማ ሳጥን ውስጥ ለቀው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ስትዞር አሳይተውናል። ጢም የነበራቸው መምህሩ ይሁኑ አይጧ፣ ለተወሰነ ጊዜ ከራሴ ጋር ተከራክሬያለሁ፤ በመጨረሻ ሁለቱም ነበራቸው የሚል ስምምነት ላይ ደርሻለሁ። ትምህርቱ እንዲህ ነበር፦ አይጥ አካባቢዋን የምታውቀው በዓይኗ ሳይሆን በይበልጥ በጢሟ ነው። በአፍንጫዋ ግራና ቀኝ የበቀሉትን ረጃጅም ጠጉሮች ወደፊትና ወደኋላ በፍጥነት እያርገበገበች የነካችውን ሁሉ ትመረምራለች፤ ሻካራውን ከለስላሳው፣ ክፍተቱን ከግድግዳው ትለያለች። ሜዳ መሃል መሄድ የማትወደውም ለዚህ ነው። ጢሟ የሚደገፈው ነገር ካላገኘ ዓለም ያለቀባት ይመስላታል። አይጧን ማባረር አያስፈልግም ማለት ነው፤ ግድግዳ ከሰጧት ሄዳ ትጨርሰዋለች።

ይህን ሁሉ ለትዕግሥት ያስረዳሁት መደብሩ ውስጥ ነው። እሷ የጆንያ አፍ በሲባጎ እያሰረች ነበር፤ ሁለቴ ትጠመዝዝና ጫፉን በሥር በኩል መልሳ ታጠብቀዋለች፤ የእሷን ቋጠሮ ከእሷ በቀር የሚፈታው ሰው የለም።

"ሳጥንም ግድግዳ ይሆናታል?" አለችኝ።

"ጢሟ ለሳጥንና ለግድግዳ አያዳላም።"

"ሳጥኑ ቢታጠፍስ?"

"ትታጠፋለች።"

"በር ላይ ብትደርስስ?"

"ጠርዙን ይዛ ትገባለች።"

ትዕግሥት ዝም አለች። በዚያን ዘመን የትዕግሥትን ዝምታ እንደ አድናቆት ነበር የምተረጉመው።

"መቼ ልታስወጣት አሰብህ?"

"ቅዳሜ ከሰዓት።"

"እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ይሻላል። ሁሉም ሳሎን ስለሚሆኑ ግቢው ጸጥ ይላል።"

"ሽማግሌዎቹ እያሉ?"

"አንተ መቼም እዚያ አትገባም። ሥራ ፈትተህ ጥፍርህን ከምትበላ አይጧ እንድትወጣ ጆንያ ደብድብ።"

ምክንያታዊ ሆኖ አገኘሁት። እናቷ እትዬ አበበች በፊት ለስላሳ ያከፋፍሉ ስለነበር ከቤቱ ጎን ባዶ የለስላሳ ሳጥን ተከምሯል። ሠላሳ ስድስቱን (ወይም አርባ ሁለቱን) ከመደብሩ የጓሮ በር ጀምሬ፣ በግቢው አጥር ሥር፣ እስከ ውጪው በርና ከዚያ ወዲያ እስካለው የውኃ ቦይ ድረስ ደረደርኩ። አንድ ወገን አጥሩ፣ አንድ ወገን ሳጥኑ፣ መሃሉ የአይጥ ጎዳና። ሳጥኖቹ ጎናቸው ክፍት ክፍት ስለሆነ አይጧ እንዳትሾልክ ከውስጥ በኩል ካርቶን አለበስኳቸው። እሁድ ስድስት ሰዓት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተዘዋውሬ መረመርኩት። ሥራው ቀጥ ያለ ነበር። በሕይወቴ ቀጥ አድርጌ የሠራሁት ነገር ጥቂት በመሆኑ ይህን በደንብ አስታውሳለሁ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሽማግሌዎቹ ክፍሌ ውስጥ ተሰበሰቡ። አባቴ ሩቅ አገር ስለነበሩ በእሳቸው ቦታ የመጡት የልጅነት ጓደኛቸው አቶ ዱካሞ ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ቱላ በባጃጅ ነው የደረሱት። ገበሬ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ያለ ካልሲ ክፍት ጫማ ያደረጉ፣ አማርኛን ሲናገሩ እያንዳንዱን ቃል መርጠው እንደሚያነሡት ዓይነት። ሁለተኛው ልብስ ሰፊው ጋሽ ከድር፣ ሦስተኛው የመሥሪያ ቤቴ ኃላፊ አቶ ተስፋዬ ነበሩ። ሦስቱም ፍራሼ ላይ ተደርድረው ለስላሳ ጠጡ።

አሁን ችግሩን ተመልከቱ። ከእኔ ክፍል እስከ ጋሽ ደሳለኝ ሳሎን ሃያ እርምጃ ነው። ነገር ግን ሽማግሌ ከጓሮ አይመጣም፤ ከውጪ በር አንኳኩቶ፣ ማን ነው ተብሎ፣ ግቡ ተብሎ ነው የሚገባው። ስለዚህ ሽማግሌዎቼ ከክፍሌ ወጥተው፣ እትዬ አበበች በመስኮት እያዩአቸው በእግራቸው ጫፍ ግቢውን አቋርጠው፣ ከበሩ ወጥተው፣ በሩን ዘግተው፣ ትንሽ ቆይተው አንኳኩ። እትዬ አበበች ከፍተው "ውይ! እንዴት ያለ ያልታሰበ እንግዳ ነው!" ሲሉ፣ ከክፍሌ የወጡት ሌሎች ሰዎች ናቸው ብዬ ልምል ምንም አልቀረኝም።

"ሰላም ለቤቱ" አሉ አቶ ዱካሞ። "ከሩቅ መጣን።"

እኔም ወደ መደብሩ ሄጄ ዱላ አነሣሁ።

በሳሎኑ ውስጥ የሆነውን እንዲህ አቀነባብሬዋለሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከበሩ በስተቀኝ፣ ግድግዳውን ተከትለው በአንድ ረድፍ ቆሙ፤ የቆሙትም ጫማ ለጫማ ገጥመው ነው። ጋሽ ደሳለኝ እንዲቀመጡ ከመጋበዛቸው በፊት አቶ ዱካሞ እጃቸውን አነሡ።

"እንዳይቸኩሉ። እኛ የመጣነው ልጅዎን ለልጃችን ለመጠየቅ ነው። ካልተሰጠን አንቀመጥም። እርስዎ ተቀመጡ ካሉን ግን ሰጡን ብለን እንቀመጣለን። እግዜር ምስክር ነው።"

ጋሽ ደሳለኝ የሠላሳ ዓመት ነጋዴ ናቸው፤ የሚሸጡትን ሳያዩ ዋጋ አይቆርጡም። "ገባኝ" አሉ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮም "ተቀመጡ" የምትለዋን ቃል ከአፋቸው አላወጧትም። እንግዳ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥምና እሳቸውም ቆሙ። ጋሽ ከድር ስለ ልጁ ጨዋነት ተናገሩ። አቶ ተስፋዬ ሥራ ላይ ሰዓት አክባሪ ነው ብለው ዋሹልኝ። እትዬ አበበች ልባቸው ከእኔ ጋር ነበርና፣ "ኧረ እንግዶቹ ደከማቸው፣ አረፍ..." ብለው ሲጀምሩ ጋሽ ደሳለኝ ሳል ያዛቸው። ሩብ ሰዓት አለፈ። አምስት ሰዎች በአሥራ ሁለት መቀመጫዎች መሃል ቆመዋል።

"መልካም ልጅ ነው" አሉ በመጨረሻ ጋሽ ደሳለኝ፤ "አይጥ እንኳ ሳይቀር ያውቃል። ግን ነገሩ ጊዜ ይፈልጋል። አጎቷ ከሻሸመኔ ይምጣ፤ ዘመድ እናማክር፤ ከወር በኋላ..."

በዚህ ጊዜ እኔ የበቆሎውንና የባቄላውን ጨርሼ የማሽላውን ጆንያ በዱላ እየነረትኩ ነበር። ከሦስተኛው ምት በኋላ አንዲት ግራጫ ነገር ከጥግ ወጣች፤ አፍንጫዋን ወደ ካርቶኑ አስጠጋች፤ ጢሟ ተርገበገበ፤ ጎዳናው ተስማማት። ከዚያ ልክ መምህራችን እንዳሉት ጠርዙን ይዛ ተፈተለከች። የተሰማኝን ደስታ በቃላት መግለጽ አልችልም፤ የተማርኩት ነገር ሥራ ላይ ሲውል በሕይወቴ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ዱላዬን ይዤ በሳጥኖቹ ጎን በጎን ተከተልኳት። ግቢው እኩሌታ ላይ ስንደርስ ግን ጎዳናዬ ጎዳናዬ አልነበረም። ወደ ውጪው በር በመቀጠል ፋንታ በሁለት ረድፍ ሳጥን መሃል ታጥፎ፣ በትልቁ ቤት ደረጃ ላይ ወጥቶ፣ ሳሎን በር ላይ ያልቃል።

አይጧ ታጠፈች። በር ላይ ስትደርስ ጠርዙን ይዛ ገባች።

ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ግድግዳውን በቀኝ ጢሟ እየዳሰሰች መጥታ ግድግዳው የሚቀጥል መስሏት ከአቶ ተስፋዬ ጥቁር ጫማ ጋር ተገናኘች። አላመነታችም። ጢሟ ለጫማና ለግድግዳም አያዳላም። የአቶ ተስፋዬን ጫማ ተከትላ ወደ ጋሽ ከድር ጫማ፣ ከጋሽ ከድር ወደ አቶ ዱካሞ ተሻገረች። እዚያ ሲደርስ ግድግዳው ጣት አለው። ቆመች። አውራ ጣታቸውን በጢሟ ግራና ቀኝ አድርጋ መረመረችው። አቶ ዱካሞ ዝቅ ብለው አዩአት፤ ቱላ ውስጥ ከዚህ የባሰ ስንት አይተዋልና እግራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

"ከወር በኋላ ምን አሉ?" ሲሉ ጠየቁ በትሕትና።

ጋሽ ደሳለኝ አይጧን አዩአት። ዓይናቸው ወለሉ ላይ ተተክሏል። ከዚያ ያ አባ ኮዳ የሚያስነሣ ድምፅ፣ አራት ዓመት ካልሞላት ሕፃን ልጅ ጉሮሮ የሚወጣ በሚመስል ሌላ ድምፅ ተተክቶ ሰማሁት። ሶፋው ላይ ወጡ፤ ከሶፋው ወደ መደገፊያው ወጡ።

"ተቀመጡ!" ብለው ጮኹ። "እግራችሁን አንሡና ተቀመጡ! ኧረ በፈጠራችሁ!"

"ሦስታችንንም ነው?" አሉ አቶ ዱካሞ።

"ሁላችሁንም! ተቀመጡ አልኩ!"

አቶ ዱካሞ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። "ሰምታችኋል" አሉና የልብሳቸውን ጫፍ ሰብስበው፣ እንደ ዳኛ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሁለቱም ተከተሏቸው። "እግዜር ያክብርልን። ልጅ ሰጡን።"

"እኔ ስለ አይጧ ነው ያልኩት!" አሉ ጋሽ ደሳለኝ ከላይ።

"እኛ ደግሞ ስለ ልጅዎ ነው የመጣነው። አይጧን ያገኘናት እዚሁ ነው።"

እትዬ አበበች ለዚህች ቅጽበት አንድ ዓመት ተኩል ትንፋሻቸውን ይዘው የቆዩ ይመስል እልልታውን ለቀቁት። በእልልታው የደነገጠችው አይጥ ወደ ሶፋው ስትሮጥ ጋሽ ደሳለኝ በአንድ እግር መቆም ጀመሩ። ያን ጊዜ የጓዳው በር ተከፈተና ትዕግሥት ገባች። በአንድ እጇ ቁና፣ በሌላው እጇ ካርቶን ይዛለች። ሳትቸኩል ሄዳ ቁናውን በአይጧ ላይ ደፋች፤ ካርቶኑን ከሥር አስገባች፤ አነሣችው፤ በቁናው ውስጥ ሲቧጠጥ እየተሰማ ወደ አባቷ ተጠጋች።

"አባዬ፣ እሺ ነው ያልከው?"

"ውጪ! ይዘሻት ውጪ!"

"እወጣለሁ። እሺ ነው?"

"እሺ ብያለሁ! እሺ! በሦስት ሰው ፊት እሺ ብያለሁ!"

ትዕግሥት ወጣች። ቦዩ ማዶ ለቀቀቻት። በማግስቱ ማሽላው ውስጥ አይጥ ተገኘች፤ ያችው ትሁን ሌላ አላረጋገጥኩም።

ጋሽ ደሳለኝ ለብዙ ጊዜ አኮረፉኝ። የሚያብሰለስላቸው ልጃቸውን መስጠታቸው ሳይሆን ሽማግሌ ፊት ሶፋ መውጣታቸው ነበር። እኔ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አመንኩ። ጎዳናውን ቀጥ አድርጌ የሠራሁት መስሎኝ አጣምሜዋለሁ፤ ወይም እትዬ አበበች ለእንግዶች መቀመጫ ሲያሟሉ ሳጥኖቹን አንቀሳቅሰዋል አልኩ። ስጠይቃቸው፣ "እኔ? በሰንበት ልብሴ ሳጥን ልሸከም?" ብለው ተቆጡ። ሳጥኖቹን ስሰበስብ መታጠፊያው ላይ ያሉት ካርቶኖች በሲባጎ መታሰራቸውን አይቻለሁ። እኔ ማሰሬን አላስታውስም፤ ግን እኔ የማላስታውሰው ነገር ብዙ ነው። ቋጠሮው ስላስቸገረኝ በቢላ ቆረጥኩትና ረሳሁት።

ይህን ወግ ለመጻፍ ስነሣ እንደ ተማረ ሰው ሁለት ነገሮችን አጣራሁ። አንደኛውን ከመጽሐፍ ነው። መምህራችን ትክክል ነበሩ፤ አይጥ ጢሟን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ እያርገበገበች አካባቢዋን ትዳስሳለች፤ ጠጉሩ ራሱ ግን ምንም አይሰማውም። የሚሰማት ከሥሩ፣ ከቆዳዋ ውስጥ ነው።

ሁለተኛውን ያጣራሁት ባለፈው ሳምንት፣ ቤታችን ውስጥ ነው። ትዕግሥት ጋሽ ደሳለኝ ለልጅ ልጆቻቸው የላኩትን የበቆሎ ጆንያ አፍ ታስር ነበር። ሲባጎውን ሁለቴ ጠመዘዘች፤ ጫፉን በሥር በኩል መልሳ አጠበቀችው። እጇን እያየሁ ብዙ ቆየሁ።

"ያን እሁድ" አልኳት፤ "እኔ መደብር ውስጥ ጆንያ ስደበድብ፣ ሳጥኖቹን..."

ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

"ሳጥኑ ከታጠፈ ትታጠፋለች ያልከኝ አንተ አይደለህ?"